የማሸጊያ ክፍሉ ፋንና የእኔ ፊርማ

በጡረታ ሽኝቴ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬ ላይ ጋቢ ደርቦልኝ፣ «በዚህ ፋብሪካ እንደ ጌታሁን ያለ ታማኝ ሠራተኛ አላየሁም» ሲል ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ የጋቢውን ጫፍ ይዤ መሬት መሬት አየሁ። የሞቀ ጭብጨባ ነበር። እስከዛሬ ሳስበው ያመኛል። ይህን መጻፍ የጀመርኩትም በዚያው ሳምንት ነው።

ሥራዬ ፋን ነበር። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ፊት የሚያቀዘቅዘውን ማለቴ አይደለም። የዱቄት ፋብሪካ ፋን የሰው ቁመት ያክላል። ብናኙን ከየማሽኑ ይስባል፣ ስንዴውን በቧንቧ ያነሳል፣ ቆሞ የዋለ ቀን ፋብሪካውም ቆሞ ይውላል። ከተግባረ ዕድ እንደወጣሁ ሁለት ዓመት ደብረ ሲና ጋራዥ ውስጥ የከባድ መኪና ራዲያተር በየድኩ። ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከጋራዡ ብዙም የሚሻል አልነበረም። የሚሻለው የተመደብኩበት ሰው ነበር።

ጋሽ ወንድሙ ይባላል። የሰላ ድንጋይ ሰው ነው፣ አባቱ መሪጌታ ነበሩ። ልጅ ሳለ ዜማ ጀምሮ በመሐል ትቶ ወደ አስኳላ ገብቷል፤ ጆሮው ግን ከዜማው ቤት ሳይወጣ ቀርቷል እያልን እናማው ነበር። ካቻቢቴውን የፋኑ ዘንግ በሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ አስደግፎ እጀታውን ከጆሮው ያጋጥምና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ከዚያ፣ «ይኼ ቅባት ነው የፈለገው» ወይም «ይኼ ሞቷል፣ ቀይሩት» ይላል። ስቶ አላየሁም።

በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት የስንዴ ማጠቢያው ክፍል ፋን ሰው አላስቀምጥ አለ። ኩሽኔታው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ቺንጋውም አዲስ ነው። ጩኸቱ ግን ያው ነው። ጋሽ ወንድሙ ፋኑን አልነካውም። መጀመሪያ የሄደው እዚያ ክፍል ወደሚሠራው ወደ ሰይድ ነው። ሰይድ የአልዩ አምባ ልጅ ነው፣ ከፋኑ ሥር ዓመታት ቆሟል።

«ሰይድ፣ አንተ ምንድን ነው የሚሰማህ?» አለው።

«ወላሂ ጋሽ ወንድሙ፣ ሥራ ሲበዛ እንደ ተርብ ነው። አንድ ዓይነት፣ የማይቋረጥ። ሲቀንስ ይተወዋል።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ሥራ ከበዛ ቀኑን ሙሉ። ቤቴ ስገባ ልጆቼን እጮህባቸዋለሁ።»

ጋሽ ወንድሙ ባርኔጣውን አውልቆ ሰይድ በሚቆምበት ቦታ ቆመ። እኔ የመጣሁት ልጠግን ስለነበር ካሁን ካሁን ወደ ፋኑ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልሄደም። ፈረቃው እስኪያልቅ እዚያው ቆሞ ዋለ። በማግሥቱ እንጨት ጫፍ ላይ ነጭ የሱፍ ክር አስሮ መጣ። ክሩን ወደ ፋኑ አፍ ሲያስጠጋው በአንድ በኩል እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ አለ። በሌላው በኩል ግን መዞር ጀመረ፤ እንደ እንዝርት።

«አየህ?» አለኝ። «ምን አለ እዚህ ጋ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቧንቧው እንዳይወዛወዝ ተብሎ ልክ ከክንፎቹ ፊት የተበየደ የብረት ድጋፍ አለ።

«እዚህ በሬሳ በሚባለው ወንዛችን ላይ ድንጋይ አይተህ ታውቃለህ? ውኃው ድንጋዩን እስኪያልፍ ደህና ነው። ካለፈ በኋላ ነው የሚጠመዘዘው። ነፋስም ያው ነው። ይኼን ብረት አልፎ አዙሪት ይሆናል። ክንፉ ይመጣና አዙሪቱን ይመታዋል። የሚቀጥለው ክንፍ ይመታዋል፣ የሚቀጥለውም። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር አስበው። ሰይድ ተርብ የሚለው ያን ምት ነው።»

«ታዲያ ሁለት ጊዜ ኩሽኔታ የቀየርነው ለምንድን ነው?»

«ኩሽኔታ ስለሚታይ ነዋ። አዙሪት አይታይም።»

ብረቱን ቆርጠን ክንድ ያህል ወደ ኋላ አርቀን በየድነው። ፋኑ ሲነሳ ክፍሉ ውስጥ የሰው ድምፅ ተሰማ። ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» ሲል ከሌላው ጥግ ሆኜ ሰማሁት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን አላስታውስም።

ከእሱ ጋር ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። በክንፉ ጫፍና ፋኑን ዙሪያውን በሸፈነው ላሜራ መካከል ያለውን ክፍተት በታጠፈ ወረቀት መለካት ያስተማረኝ እሱ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ አየሩ በጫፉ በኩል ሾልኮ ይጠመዘዛል፣ ያም የራሱ ጩኸት አለው። ቧንቧ ፋኑ አፍ ላይ ሲደርስ መታጠፍ እንደሌለበትም አስተማረኝ። «ሞተር ሲጮህ ቅባት ይጠይቃል፣ ነፋስ ሲጮህ መንገድ ይጠይቃል» ይል ነበር። አየሩ ከታጠፈ በኋላ ተስተካክሎ እስኪሄድ ቀጥ ያለ ርቀት ይፈልጋል። ያን ርቀት ከነፈግኸው እየተጠማዘዘ ክንፉ ላይ ይወድቃል፣ እሱም አንተን ይነፍግሃል።

አንድ ልማድ ነበረው። ሠራተኛው በሚቆምበት ቦታ ፈረቃ ሙሉ ሳይቆም የጥገና ወረቀት ላይ አይፈርምም። አለቆች ይናደዱበት ነበር። አንዱ በብስጭት «ቆመህ እንድትውል ነው የምንከፍልህ?» ቢለው፣ «ሠራተኛውም የሚከፈለው ለዚያው ነው» ብሎ መለሰለት። ለዚህም ይመስለኛል እስከ መጨረሻው ኃላፊ ሳይሆን ጡረታ የወጣው። ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት በሙሉ አልጽፍም። ብዙ ፋን አስተካክያለሁ። የማስታውሰው ግን አንዱን ነው።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዮናስ ወጣት ነበር፣ ጨዋ ነበር፣ ሰው ሲያናግር ከወንበሩ ይነሳል። ፋብሪካውን አስፋፋ። ለሁለተኛው ማሸጊያ መስመር አዲስ ትልቅ ፋን መጣ፤ ፍጥነቱ ከግድግዳው ላይ በቁልፍ የሚጨመርና የሚቀነስ። ፋኑ መቀመጥ የነበረበት ውጭ ነው። ውጭ ግን የጭነት መኪና ማቆሚያ ተሠራና ፋኑን ማሸጊያ ክፍሉ ጥግ ተከሉት። ቧንቧው ከጣሪያ ወርዶ ልክ ፋኑ አፍ ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ታጠፈ። ተከላ ላይ ላሉት ሰዎች «ይኼ ይጮሃል» አልኳቸው። «ሥዕሉ ላይ እንዲህ ነው» አሉኝ።

ሲነሳ ጮኸ። ጩኸቱን በወረቀት ላይ እንዴት እንደማስቀምጠው አላውቅም። አንድ ወጥ፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ የማያቋርጥ ጉርምርምታ። የሱፍ ክሩን አስጠጋሁ። በየትኛውም በኩል ቀጥ አላለም። ሁሉም ጋ ይዞራል።

ለፋኑ የምትቀርበው ጥሩወርቅ ናት። ጆንያው ተሞልቶ ሲመጣ አፉን በእጅ በሚያዝ ማሽን የምትሰፋ። ከአንኮበር በታች ካለ ቀበሌ መጥታ ተቀጥራ ነው። ተጫዋች ናት፣ መሥመሩን ሁሉ ታስቅ ነበር። ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት እናቷ ይደውሉላታል፤ ከግድግዳው ተጠግታ እየሳቀች ታወራለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ መጥታ፣ «ጋሽ ጌታሁን፣ ይኼ ነገር ቤቴ ድረስ ይከተለኛል። ተኝቼም ይጮህብኛል፤ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ።

«አስተካክለዋለሁ» አልኳት። ይህን ስላት እውነቴን ነበር።

ሥዕል ሠራሁ። ፋኑ በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል፣ ቧንቧው ከታጠፈ በኋላ ቀጥ ያለ ርቀት ያገኛል። ከመኪና ማቆሚያው የሚወስደው ለአንድ መኪና የሚሆን ቦታ ነው። አቶ ዮናስ ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጥሞና አየው።

«ስንት ቀን መስመሩን ታቆምብኛለህ?»

«ሳምንት ይበቃኛል።»

«ሳምንት! ጌታሁን፣ ትዕዛዝ አለብን እኮ። ትንሽ እንታገሥ። ለጊዜው የጆሮ መድፈኛ እናስመጣላቸው።»

አንድ ካርቶን መጣ። በሁለት ወር አለቀ፣ ሌላ አልመጣም። ሴቶቹ ጥጥ መወተፍ ጀመሩ። ጥሩወርቅ በምሳ ሰዓት የእናቷ ስልክ ሲጠራ ለጓደኛዋ ትሰጣት ጀመር። ጓደኛዋ እናትየዋን ሰምታ ለጥሩወርቅ በጆሮዋ ትጮህላታለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ።

አንዳንድ ሰው ሰላም ሲላት ዝም እያለች ማለፍ ስትጀምር «ኮራች» ተባለ።

ከዚያ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የድምፅ ልኬት ሪፖርት ጠየቀ። ልኬቱን የምንወስደው እኛው ነን፣ የምፈርመው እኔ ነኝ። አቶ ዮናስ ቢሮው ጠርቶ ወንበር ሰጠኝ።

«እሑድ ጸጥ ሲል ብትለካው ይሻላል» አለኝ።

«እሑድ መስመሩ አይሠራም። ፋኑ ደግሞ በሙሉ ፍጥነት ካልዞረ…»

«ሥራ በሌለበት ሙሉ ፍጥነት ምን ያደርጋል? አንተ ባለሙያ ነህ፣ አንተ ታውቃለህ።»

ያለኝ ይኸው ነው። አላስፈራራኝም። ጉርሻ አልሰጠኝም። «እምቢ» ብለው ኖሮ የሚያባርረኝ አይመስለኝም፤ ቅር ይለው ነበር፣ በቃ። እኔ ያን ቅሬታ ፈራሁ። ከአለቃ ጋር መጋጨት ታክቶኝ ነበር። የሰው ልጅ ለትልቅ ነገር ብሎ ቢበድል እንኳ የሚለው አያጣም። እኔ የምለው የለኝም።

እሑድ ጠዋት ገባሁ። የፋኑን ፍጥነት ቀነስኩት። ይህ ሙያ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ማታለያ ነው። ፍጥነቱን ትንሽ ስትቀንሰው ጩኸቱ በብዙ ይወድቃል፤ አዙሪቱ ይደክማል፣ የክንፉም ምት ይላላል። መለኪያውን ይዤ ጥሩወርቅ በምትቆምበት ሳይሆን በሩ ጋ ቆምኩ። ሦስት ጊዜ ለካሁ። ሦስቱንም ጻፍኩ። «በመደበኛ የሥራ ሁኔታ የተወሰደ» የሚል መሥመር ነበረው ቅጹ። ከሥሩ ፈረምኩ።

ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ አንድ ቀን ጭነት መኪና ወደ ኋላ እየመጣ ሾፌሩ ጡሩምባ ቢነፋ ጥሩወርቅ አልዞር አለች። ሰይድ ሮጦ በነጠላዋ ባይጎትታት ኖሮ አልቆላት ነበር። ሐኪም ቤት ተላከች። ግራ ጆሮዋ ሄዷል፣ ቀኙም ሊሄድ ነው አሉ። ጉዳቱ በሥራ የመጣ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚያይ ኮሚቴ ተቀመጠ። እኔም ተጠራሁ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን አሳየኝ። «አቶ ጌታሁን፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«አዎ።»

«ልኬቱ በሥራ ሁኔታ ላይ የተወሰደ ነው?»

ጥሩወርቅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ዓይኖቿን ፊቴ ላይ ተክላ ነበር። ጥያቄውን ስላልሰማች መስሎኝ ነበር እንዲያ የምታየኝ።

«አዎ» አልኩ።

ሰብሳቢው ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ «አቶ ጌታሁን የጻፉት ከሆነ አከራካሪ አይደለም» አለ። ጉዳቱ ከሥራ ጋር አይያያዝም ተባለ። ለሥራው ብቁ አይደለችም ተብላ ተሰናበተች። ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ በመስኮት አየኋት።

በዓመቱ ደግሞ ይኼ ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለሙያ የመብራት ፍጆታችንን መርምሮ፣ «ይህ ፋን ኃይል እያባከነ ነው፤ አየሩ ተጠማዝዞ ስለሚገባ ሞተሩ በከንቱ ይደክማል» ብሎ ጻፈ። አቶ ዮናስ ጠራኝ። ያ የድሮ ሥዕሌ መሳቢያው ውስጥ ነበር። አውጥቶ ሰጠኝና «ቶሎ አድርሰው» አለኝ። ሳምንት አልፈጀም፤ ሁለት ቀን በቃኝ። ፋኑ ውጭ ወጣ፣ ቧንቧው ቀና፣ የክሩን እንጨት ባስጠጋው ክሩ ቀጥ አለ። ማሸጊያ ክፍሉ ውስጥ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። በጥሩወርቅ ቦታ ሌላ ሴት ቆማለች። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን» አለችኝ። ወደ ሽንት ቤት ሄጄ በሩን ዘግቼ ቆየሁ።

ለሰው ጆሮ አንድ የመኪና ማቆሚያ ጠፍቶ፣ ለመብራት ሒሳብ ተገኘ።

ጋሽ ወንድሙ በዚያው ሰሞን አረፈ። ሰላ ድንጋይ ለቀብሩ ሄድኩ። ከማረፉ በፊት ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ «ሥራ እንዴት ነው?» ብሎኝ «ደህና ነው» ብዬዋለሁ።

ከሽኝቴ በኋላ አንድ ወር ያህል ቤት ተቀመጥኩ። ከዚያ ሰይድ ዘንድ ሄጄ የጥሩወርቅን ቀበሌ ጠየቅኩ። ሰይድ ነገረኝ፤ ለምን እንደምፈልጋት ግን አልጠየቀኝም፣ ፊቴንም አላየም። በጠዋት የአንኮበር መኪና ተሳፈርኩ። ከወረድኩ በኋላ ቁልቁለቱን አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ።

የምትኖረው ከወንድሟ ቤት ነው። ደርሼ ሳይ ግቢው ውስጥ ከወንድሟ ሚስትና ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ገብስ ትለቅማለች። ስታየኝ ተነሳች። አወቀችኝ። ከስታለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። በርጩማ አቀረቡልኝ።

«ጥሩወርቅ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«አልሰማም፣ ጋሽ ጌታሁን» አለች። ድምፅዋ ከፍ ያለ ነው፣ ራሷን ስለማትሰማ። «በዚህ በቀኝ በኩል ይምጡና ጮክ ይበሉ።»

በቀኟ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። «ያን ሪፖርት…» ስል ራሷን ነቀነቀች። «ጮክ ይበሉ!»

ጎረቤቶቹ እጃቸውን ገብሱ ላይ እንዳደረጉ ቀና ብለው አዩኝ። በመንገድ ሁሉ ያሰብኩት በዝግታ፣ ለብቻዋ ልነግራት ነበር። እንዲያ አይቻልም።

«ያን ወረቀት የጻፍኩት በውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ፋኑን ቀንሼ ነው የለካሁት! በሩ ጋ ቆሜ!»

ከአጥሩ ማዶ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ተመለከተ። የወንድሟ ሚስት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጥሩወርቅ ግን ምንም አልደነገጠችም። ተመልሳ ተቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች። «ያን እሑድ ለጽዳት ተጠርቼ ነበር። ከጆንያው ክምር ኋላ ነበርኩ። ቁልፉን ስትቀንሰው አይቼሃለሁ።»

እስከዚያን ቀን ድረስ «አንተ» ብላኝ አታውቅም።

«ታዲያ ለምን ለኮሚቴው አልተናገርሽም?» አልኩ። አልሰማችም። ደግሜ ጮህኩ።

«የኔን ቃል ካንተ ቃል አስበልጦ ማን ይሰማል? ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነበር። ሰውዬው ሲጠይቅህ አፍህን አፍህን አይ ነበር። ‹አዎ› ስትል በከንፈርህ አነበብኩት።»

ይቅር በይኝ ማለት ፈልጌ ነበር የመጣሁት፤ ቃሉ ግን ተጩኾ የሚባል ዓይነት አልሆነልኝም።

ወደ ቤት ገብታ የወንድሟን ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ወጣች። «ለኔ መጮህ አይጠቅመኝም። ጻፈው» አለችኝ።

በርጩማው ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። እኔ እገሌ፣ በዚህ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ኃላፊ የነበርኩ፣ በማሸጊያ ክፍሉ ፋን ላይ የወሰድኩት የድምፅ ልኬት በስህተት ፍጥነቱ ተቀንሶ የተወሰደ በመሆኑ የሥራውን ሁኔታ አያሳይም አልኩ። ፈርሜ ሰጠኋት።

ጥሩወርቅ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙራ እየቆረጠች አነበበችው። ከዚያ መልሳ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችውና ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች።

«‹በስህተት› አይደለም» አለች። «‹አውቄ› በል።»

ገጹን ቀድጄ በአዲስ ገጽ ጀመርኩ። ‹አውቄ› ብዬ ጻፍኩ። እንደገና አነበበችው፣ አራት አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችውና ወደ ገብሷ ተመለሰች።

«ሂድ እንግዲህ፣ መኪናው ያመልጥሃል» አለች።

ወረቀቱን ለኮሚቴው አቅርባዋለች። «ፋይሉ ተዘግቷል» አሏት፤ ይግባኝ ብላለች። ምስክር ሆኜ እንድቀርብ ከተጠራሁ እሄዳለሁ። እስካሁን የጠራኝ የለም።